ቢጫ አበባ ለመምህሬ

ሃኖይ ውስጥ በአንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ እኔና አራት የውጭ አገር ባልደረቦቼ በሳምንት ሁለት ቀን ቬትናምኛ እንማር ነበር። የሚያስተምሩን የማሠልጠኛው የትምህርት ኃላፊ ናቸው፤ በጡረታ የተሰናበቱ የሥነ ጽሑፍ መምህርት። በስማቸው አንጠራቸውም። «ኮ» ነው የምንላቸው፤ ቃሉ መምህርትም አክስትም ይሆናል። እኛ በፊታቸው «ኤም» ነን፣ ታናሽ እንደ ማለት። ሃምሳ ዓመት የሞላው ባልደረባችን እንኳ ክፍል ሲገባ ኤም ይሆናል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 የቬትናም የመምህራን ቀን ነው። በሰሜኑ ክፍል ከ1958 ጀምሮ ሲታሰብ ቆይቶ በ1982 በመንግሥት ውሳኔ የአገሪቱ የመምህራን ቀን ሆነ። ሥራ አይዘጋም፤ ከተማው ግን ከማለዳው ጀምሮ በሞተር ብስክሌት ላይ አበባ ጭኖ ይሮጣል። እኛም ለኮ የጋራ ስጦታ ገንዘብ አዋጣን። አንዱ ባልደረባችን ብሩን እንዳለ በፖስታ አድርገን እንስጣቸው አለ። እንዲህ የሚያደርጉ ወላጆች አሉ፤ ነገር ግን ለልጅ አድልዎ መግዣ ይመስላል እየተባለ ብዙ የሚነቀፍ ልማድ ነው። ያን ጊዜም አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም። በመጨረሻ አበባ ይሁን ተባለ፤ ቤቴ ለኳንግ ባ የአበባ ገበያ ቅርብ ስለሆነም መግዛቱ ለእኔ ተሰጠ።

ኳንግ ባ የሌሊት ገበያ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስደርስ መሬቱ ርሷል፣ ጽጌረዳው በጋዜጣ እየተጠቀለለ ይደረደራል፣ ሻጮች ግንባራቸው ላይ ባሰሩት መብራት የአበባውን አገዳ ይቆርጣሉ። አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ክሪሳንተመም ተከምሮ አየሁና እግሬ እዚያው ቀረ። ቢጫው የአደይ አበባ ቢጫ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ሁለት መስከረም አልፎኛል፤ ለመምህር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ አሰብኩ። ሻጯ «ሁኦንግ» የሚል ቃል ያለበት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሁኦንግ መዓዛ ማለት እንደሆነ ከኮ ተምሬአለሁ። መዓዛ ያለው ትፈልጋለህ ወይ የምትለኝ መስሎኝ በደስታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጠዋት ሠራተኛውና ተማሪው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሴቶቹ መምህራን አኦ ዛይ የተባለውን ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ተራዬ ሲደርስ እናቴ እንዳስተማረችኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠሁ፤ ኮም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ይህ እንኳ በእኛም በእነርሱም አገር አንድ ነው። ፈገግ ብለው አመሰገኑኝ፤ ፈገግታው ከመምጣቱ በፊት ግን ዓይናቸው አበባው ላይ ለአፍታ ቆየ። አዳራሹም ዝም አለ። የሌሎቹ አበባ ጠረጴዛው ላይ ተሰደረ፤ የእኔን ወስደው ለብቻው በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት።

ምሳ ሰዓት ላይ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ በደረጃው ላይ አስቆመችኝ። «አኝ» አለችኝ፤ በእኛ ጋሼ እንደ ማለት ነው። «አኝ፣ ያ አበባ እኮ የመሠዊያ ነው።» በቬትናም ቤቶች የሞቱ ወላጆችና አያቶች ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት መሠዊያ አለ። በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ዕጣን ይጨስበታል፣ ፍራፍሬና ቢጫ ክሪሳንተመም ይቀርብበታል። ነጩ ክሪሳንተመም የለቅሶ ነው። ቢጫው ለአዲስ ዓመት ከነማሰሮው በየደጁ ይቆማል፤ በእቅፍ ታስሮ በሕይወት ላለ መምህር ሲሰጥ ግን ዓይን ይወጋል። ሁኦንግም መዓዛ ብቻ ሳይሆን ዕጣንም ነው። ሻጯ የጠየቀችኝ ዕጣን ለሚታጠንበት ቦታ እንደሆነ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኮ ወንበር ሳቡልኝና ሻይ ቀዱልኝ። «አበባው ላይ ምን አየህበት?» አሉኝ። ስለ መስከረም፣ በክረምቱ ማብቂያ ሜዳውን ቢጫ ስለሚያለብሰው አደይ፣ አበባ ይዘው ከቤት ቤት ስለሚዞሩ ልጆች በተሰባበረ ቬትናምኛዬ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ። ከዚያ ማስተማር ስለጀመሩበት ዘመን አወሩልኝ፤ ከ1986 በፊት ሩዝና ጨርቅ በመንግሥት ኩፖን ይታደል በነበረበት ጊዜ። አንድ የገጠር ተማሪ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት እንቁላሎች አምጥቶላቸው ነበር። «ገና ሙቀታቸው አልጠፋም ነበር» አሉ መዳፋቸውን እያሳዩኝ። ልጁ እንቁላሉን ያመጣው ያን ሰሞን አሟቸው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያስተምሩ ስላየ ነው።

ያን ማታ ያሰብኩት ስለ አበባው አልነበረም። ኮ በየትምህርቱ በሰሜን ቬትናም ካለው ከታይ ንጉየን ክፍለ ሀገር የሚመጣውን አረንጓዴ ሻይ በትንሽ ሲኒ ደጋግመው ይጠጣሉ፤ ስምንት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ሲጠጡ አይቻለሁ። ስጦታውን ገበያ ወርጄ ፈለግሁ እንጂ መምህሬ ምን እንደሚወዱ አንድም ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም።

ቬትናሞች «የቴት የመጀመሪያው ቀን ለአባት፣ ሁለተኛው ለእናት፣ ሦስተኛው ለመምህር» ይላሉ፤ ቴት የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ነው። «አንድ ፊደል ያስተማረህ መምህርህ ነው፣ ግማሽ ፊደል ያስተማረህም መምህርህ ነው» የሚል አባባልም አላቸው። ይህን ስሰማ የኔታን አስታወስኩ፤ ሀ ሁ ያስቆጠሩኝን፣ ሞታቸውን ከሩቅ አገር ሆኜ የሰማሁትን። በ1070 የተመሠረተውን የሃኖይን የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ አይቻለሁ። በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ የቆሙት 82 ሐውልቶች በነገሥታቱ ዘመን የመንግሥቱን ፈተና ያለፉትን ሊቃውንት ስም ይዘዋል፤ የጥንቱ መምህር ቹ ቫን አንም በዚያ ምስላቸው ቆሞ ዕጣን ይጨስላቸዋል።

በቴት ሦስተኛው ቀን ኮ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ በቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሞልቷል፤ ፀጉራቸው የሸበተም አሉ። መሠዊያው ላይ ያው ቢጫ አበባ በቦታው አለ። አንድ ጥቅል የታይ ንጉየን ሻይና በእጄ የጻፍኩትን ካርድ በሁለት እጄ ሰጠሁ። ሻዩን ሳይከፍቱ ከጎናቸው አኖሩት፤ የሰጠህ ሰው ፊት ስጦታ አይከፈትም። ካርዱን ግን መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። «ኮ» ብዬ በጻፍኩት ቃል ላይ ቆሙ። በአናባቢው አናት ላይ የምትደፋውን ምልክት ረስቻታለሁ፤ እርሳቸው ቆብ ይሏታል፣ ያለ እርሷም ቃሉ ሌላ ነው። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ቆቧን ደፉላት፤ ካርዱንም መልሰው ሰጡኝና «አሁን አንብበው» አሉኝ።