ቡቺን ያስታመምንባቸው 14 ቀናት

ውሻችን ቡቺ ባለፈው ክረምት ከወለደቻቸው 6 ቡችሎች ለ4ቱ ብቻ አሳዳጊ አግኝተን የቀሩትን 2ቱን በግቢያችን ለማኖር ስለተገደድን፣ ዳግም እንዳታረግዝ ልናስመክናት ወሰንን። ቀዶ ጥገናው ሆዷን ከፍቶ ማሕፀኗንና የእንቁላል ማመንጫዎቿን ማውጣት ነው። በሐኪሙ እጅ የቆየችው ግማሽ ቀን ሲሆን፣ ቁስሉ እስኪድን ያሉት 2 ሳምንታት ግን የእኛ ኃላፊነት ነበሩ።

አመሻሹ ላይ ተቀብለናት ስንመለስ እግሮቿ ይብረከረካሉ፤ ማደንዘዣ የሰውነትን ሙቀት ስለሚቀንስም ትንቀጠቀጥ ነበር። ውሻ ቤት ውስጥ ሲያድር በዕድሜዋ አይታ የማታውቀው እናቴ፣ «ለዛሬስ ትግባ፤ እሷም ነፍስ አላት» ብላ አሮጌ ጋቢ አነጠፈችላት። ለራት ከወትሮዋ ግማሽ ያህል ሩዝ በመረቅ ሰጠናት። መረቁ ሽንኩርት ያልገባበት ነበር፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዳ የወጥ ትራፊ በደህናውም ጊዜ ቢሆን ሊሰጣት አይገባም።

በማግስቱ ስታቃስት የሰማች ጎረቤታችን ለወገቧ የታዘዘላትን ዳይክሎፌናክ ይዛ መጣች። ስለ ደግነቷ አመስግነን ክኒኑን መለስንላት። ዳይክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ሊያደማና ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል፤ ፓራሲታሞልም ለጉበቷ አደገኛ ነው። የምትወስደው ማስታገሻ የእንስሳት ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ያዘዘላትን ብቻ መሆን አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሕመሙ ከበረደላት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በ4ኛው ቀን ጅራቷን እየቆላች በሩ ላይ ትጠብቀኝ ጀመር። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የታሰረላት ሰፊ የፕላስቲክ መከላከያ ከሳህኗ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ሲያስቸግራት አሳዘነኝና ምግቧን እስክትጨርስ ብዬ አወለቅሁላት። ስልክ ለማንሳት ወጥቼ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስመለስ 2 ስፌቶች ተበጥሰው የቆዳዋ ጠርዝ ተከፍቶ አገኘሁት። ውሻ ቁስሏን ልሳ ታድናለች እየተባልን ብናድግም፣ ምላሷ ሻካራ ነው፤ አፏም በተሕዋስያን የተሞላ ነው። በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ተመልሰን ቁስሉ ታጥቦ እንደገና ተሰፋ። መከላከያውን ማውለቅ አላስፈለገም ነበር፤ ሳህኑን በዱካ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ በቂ ነበር፤ ይህን ቀድሜ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ በብርሃን አጠገብ አጋድሜ ቁስሏን አያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ማበጥ ያለ ነው። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የማያቋርጥ ደም ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ከታየ ግን ማደር የለበትም። ድዷ ነጭ ከሆነና መነሣት ካቃታት ደግሞ በውስጧ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ሐኪም መፈለግ ያስፈልጋል። ቅቤ፣ አልኮል ወይም ሌላ ያልታዘዘ ነገር አንቀባም፤ ገላዋንም አናጥብም። ለሽንት ስትወጣ በአጭር ገመድ ይዣት እወጣለሁ፤ ከላይ የሚታየው ቆዳ ቢገጥምም በውስጥ የተሰፋው የሆዷ ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ፣ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር የምትሮጠው ሩጫ ሊተረትረው ይችላል።

በ14ኛው ቀን ስፌቱ ወጣላት። ፀጉሯ በተላጨበት ቦታ ገና አልበቀለም፤ ጋቢውንም እናቴ አጥባ ወደ ጎጆዋ ወሰደችላት።