አስራ ሁለቱ ሳምንታት

ለካንሰር ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ የአካል ብቃት ፕሮግራም ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ቀን ነው፤ ወደ ቲሸርቱ፣ ወደ መነሻ መስመሩ፣ ወደ ፎቶው። የእኔ ልብ ያለው ከዚያ ቀን በፊት ባሉት 12 ሳምንታት ላይ ነው። የተሳታፊው እግርም የሚሰበሰበው ገንዘብም የሚበላሹት በአንድ ምክንያት ነውና፦ ዘግይቶ ጀምሮ መጨረሻ ላይ መጣደፍ።

መጀመሪያ እግር። ሮጦ የማያውቅ ጤነኛ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ 8 ወይም 9 ሳምንት ይበቃዋል። 12 የምለው ጉንፋንም የሥራ ጥድፊያም ስለማይቀር ነው። ልምምዱ በሳምንት 3 ቀን ሆኖ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑረው። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 7 ዙር፣ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ። ሁሉም ተደምሮ 31 ደቂቃ ነው። ለፍጥነቱ ሰዓት አያስፈልግም፤ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው ፈጥኗልና ይቀንስ።

ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው በደከመበት ሳምንት ሳይሆን በበረታበት ነው። ወደ አራተኛው ሳምንት ገደማ ትንፋሽ ይከፈታል፣ ተሳታፊው ደስ ይለውና በገዛ ፈቃዱ ርቀት ይጨምራል፣ አንድ የዕረፍት ቀንም ይሰርዛል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ ሲፈቅድ ቅልጥሙ ገና አልደረሰም። የቅልጥም አጥንትን የውስጥ ጠርዝ ተከትሎ የተዘረጋ ሕመም ሲመጣ ጫናውን መቀነስና ለጥቂት ቀናት በእርምጃ ወይም በብስክሌት መተካት ብዙውን ጊዜ ይረዳል። ሕመሙ በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በዕረፍትም ካልለቀቀ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ቆሞ ሐኪም ይየው። ለዚህ ነው በየአራተኛው ሳምንት የልምምዱ መጠን በሲሶ እንዲቀንስ አጥብቄ የምከራከረው። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ዝቅ ማድረግ፣ 12 ጊዜ በ3 ዙር፣ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ያጠነክራል። አሠልጣኝ ሁለት ካለ አንዱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ጋር ይሁን። ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ ጀማሪ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

ጀማሪው ሲቀር ደግሞ ገንዘቡም ይቀራል። ዘወትር የሚሮጥ ሰው እንደገና እሮጣለሁ ቢል ወዳጆቹ ለምደውታል። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ግን “ለካንሰር ምርምር ብዬ 5 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው” ሲል የሚሰማው ሁሉ ቀና ይላል።

ገንዘቡም በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ምንም ያልተዋጣበት የኢንተርኔት መዋጮ ገጽ የሚያየውን ሰው እጅ ስለሚያሳስር መጀመሪያ ተሳታፊው ራሱ ያዋጣ። ቀጥሎ ለ10 የቅርብ ሰዎች ለየብቻ፣ በየስማቸው ይጻፍ። በጅምላ የተላከ መልእክት ላይ እያንዳንዱ “ሌላው ይሰጣል” ብሎ ያልፋል። መልእክቱ ሦስት ነገር ይዞ አጭር ይሁን፦ ለየትኛው ምርምር፣ ስንት፣ እስከ መቼ። “የቻልከውን” ከማለት ቁርጥ ያለ መጠን መጥቀስ ይሻላል፤ ሰጪው ስንት ልስጥ እያለ ሲያመነታ ቀኑ ያልፋል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ልምምዱ የት እንደደረሰ የሚነግር ሁለተኛ መልእክት፣ ሊሮጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሦስተኛ። ምስጋናው በ48 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። “በኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ” የሚል ቃል ከሩጫው በኋላ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ከተቻለ አስቀድሞ ይከፈል። ገጹም ከሩጫው በኋላ ለአንድ ወር ክፍት ይቆይ፤ ውጤቱን ሰምተው የሚሰጡ አይጠፉም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከተቀባዩ የምርምር ተቋም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል፣ መቼ እንደሚተላለፍ፣ ከውስጡ ለወጪ የሚነካ ካለ ስንት እንደሆነ። “ለካንሰር” ብሎ ሰብስቦ ለምርምር ይሁን ለሕክምና እርዳታ ሳይለዩ መተው እምነትን ያፈርሳል። ጥሬ ገንዘብ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠር፣ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። የቲሸርት ወጪ ሳይታሰብ የሚያብጥ ወጪ ነው፤ ምዝገባ ሳይዘጋ አይታዘዝ። ለሕዝብም የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብና ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ሁለቱም ይነገሩ።

ሰጪዎች “ገንዘቤ ምን ሠራ?” ሲሉ መልሱ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አይደለም። የቤተ ሙከራ ባለሙያ ደመወዝ፣ ኬሚካል፣ ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ በሙከራ ላይ ያሉ ታማሚዎችን የምትከታተል ነርስ ነው። ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ምርምር እንዲህ ነው የሚሄደው። በ1948 ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር በቦስተን አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ላለባቸው ሕፃናት ሰጥቶ በሽታው ለጊዜው እንደሸሸ አሳወቀ፤ በሽታው ግን ተመልሶ ይመጣ ነበር። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች አጣዳፊ የሊምፍ ሉኪሚያ ከያዛቸው ሕፃናት ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። እዚያ የተደረሰው በአንድ ተአምር ሳይሆን ሙከራ በሙከራ ላይ እየተደረበ ነው።

እንቅስቃሴው ራሱም የምርምር ርዕስ ሆኗል። በ2025 የታተመው ቻሌንጅ የተባለ ጥናት ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ የጨረሱ 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎችን በሁለት ምድብ ተከታትሏል። አንዱ ምድብ ለ3 ዓመት በባለሙያ የታገዘ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ነበረው፤ ሌላው የጤና ምክር የያዘ ጽሑፍ ብቻ ተሰጠው። በ8 ዓመት ላይ በሕይወት የመቆየት መጠኑ በመጀመሪያው 90.3፣ በሁለተኛው 83.2 በመቶ ሆነ። ይህን ወስዶ ሩጫ ካንሰርን ሁሉ ያድናል ማለት አይገባም፤ ጥናቱ የአንድ ዓይነት ካንሰር ነው። ቢሆንም እነዚህን ቁጥሮች ሳይ ልቤ ይሞላል።

ስለዚህ በሽታው ያለባቸውም ያለፋቸውም ሰዎች ከቡድኑ ጋር መሥራት አለባቸው ባይ ነኝ፤ ግን በሐኪማቸው ፈቃድና በየራሳቸው ልክ። በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከሕክምናው ጋር የሚመጣውን ድካም እንደሚቀንስ ታውቋል። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት ክብደት ስታነሳ ከትንሹ ጀምራ ቀስ ብላ ትጨምር፣ ክንዷ ካበጠ ታቁም። ኬሞቴራፒ እግሩን ያደነዘዘው ሰው ሸካራ መንገድ ላይ ከሚሮጥ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይሻለዋል። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨበት ሰው ዝላይና ሩጫ ውስጥ አይግባ። ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት የወሰደ ሰው ያልለመደው የትንፋሽ ማጠር ከተሰማው “ልምምዱ ነው” ተብሎ አይታለፍ፤ መድኃኒቱ ልብን ሊጎዳ ይችላል። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ያን ቀን ልምምድ የለም፤ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሕክምና ቡድኑ ይደውል።