እንቅልፍ የነሣኝ ጌታ ይመስገን

የጌታ ስም ለዘላለም የተባረከ ይሁን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ተቀምጬ ሳልጨርስ የተነሣሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያ ሌሊት ላይ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል። ነገር ግን ያደረገልኝን ውጬ ዝም ብል ድንጋዮች ይጮኻሉና ዛሬ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

በክርስቲያን ልጆች ካምፕ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ካምፕ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መዝሙሩ፣ ጨዋታውና የማታው እሳት ነው። የአገልጋዩ ውሎ ግን አብዛኛው መቁጠር ነው። ልጆቹን ከማደሪያ ሲወጡ እንቆጥራቸዋለን፣ ምግብ አዳራሽ ሲገቡ እንቆጥራቸዋለን፣ ከሜዳ ሲመለሱ፣ ከቃል ትምህርት ሲነሡ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊትም ከጠፋ በኋላም። እጅ ታጥቧል? ጥርስ ተቦርሿል? ውጭ የቀረው ጫማ የማን ነው? አልጋውን ያረጠበ ልጅ ካለ ጓደኞቹ ሳይነቁ አንሶላው ይቀየራል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ ማንም አያነሣበትም። እናቱ የናፈቀችው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲቦርቅ ውሎ ጀምበር ስትጠልቅ ነው «ሆዴን አመመኝ» የሚለው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከማባበል ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ እናቱ ማስወራት ይሻላል። አንድ አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይገኝም፤ ሁልጊዜ ሁለት ነን። ይህን ደንብ የሚያቃልል ሰው ልጆችን ማገልገል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ ተሰብስበን የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራን እንጸልያለን።

እኔ ወደዚህ አገልግሎት የመጣሁት ግን ለመጸለይ አልነበረም። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ አስም ነበረበት። አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ነበር። አንድ ሌሊት እኔ እንደተኛሁ እርሱ አጠገቤ ሆኖ አለፈ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። በቀብሩ ላይ የተነበበው መዝሙር 121 ነበር፤ «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም።» ያን ቃል ስሰማ በውስጤ የነደደውን አልደብቅም። «የማትተኛ ከሆንክ ያን ሌሊት ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ማናገሬን ተውኩ። ጉባኤ መሄድ አላቆምኩም፤ ሰው ሲቆም እቆማለሁ፣ ሰው ሲዘምር እዘምራለሁ። ልቤ ግን ተዘግቶ ነበር።

አንዲት ልመና ብቻ ቀርታኝ ነበር፤ እንቅልፍ። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በእኩለ ሌሊት እነቃለሁ፤ ተነሥቼ በቤት ያለውን ሰው ሁሉ ትንፋሽ እየዞርኩ አዳምጣለሁ፤ ሁሉም መተንፈሳቸውን ካላረጋገጥኩ አልጋዬ አይቀበለኝም። «ሌላው ይቅር፤ እንቅልፌን ብቻ መልስልኝ» እለው ነበር። ዝም አለ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ያለው ዳዊት ገብቶኝ ነበር፤ የመዝሙሩ መጨረሻ ግን አልገባኝም ነበር። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

በኋላ አንዲት ወዳጄ «ለካምፑ ወጥ ቤት ሰው ጎድሎናል፤ ሳህን እጠቢልን» አለችኝ። (እህቴ፣ ይህን ስታነቢ አንቺ መሆንሽን ታውቂዋለሽ፤ ጌታ ዘመንሽን ይባርክ።) «ጸልዪ እንዳትሉኝ ብቻ» ብዬ ሄድኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሌሊት ሌሊት ግቢ ውስጥ ስንቆራጠጥ ያዩኝ አስተባባሪ ግን አንድ ቀን ጠርተው፣ «መቼም አትተኚም፤ ለምን የሌሊቱን ተራ አትይዢልንም?» አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚሸሸው ተራ ነው። ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ በየካምፑ የሌሊቱ ተራ የእኔ ሆነ፤ ባትሪዬን በመዳፌ ከልዬ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ጥርሱን የሚያፋጭ አለ፤ በእንቅልፉ የማባዣ ሰንጠረዥ የሚወጣ አለ። የማን አተነፋፈስ እንዴት እንደሆነ በሁለተኛው ሌሊት ለይቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልግባ። በዚያ ሳምንት ልጆቹ በቃላቸው እንዲያጠኑት የተሰጣቸው ክፍል መዝሙር 121 ነበር። ሲያጠኑ እንዳልሰማ ሥራ ፈልጌ ወጥ ቤት እገባ ነበር። ማታ እሳት አንድደን ዙሪያውን ከበው ዘመሩ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ከባድ ነበር፤ ነፋሱም ወደ ልጆቹ ይመልሰዋል። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ሁላችንም ሮጠን ገባን። ጭስ፣ ሩጫና ቅዝቃዜ አስም ያለበትን ደረት እንደሚቀሰቅሱ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በጤና ቅጾቹ ላይ አስም ያለበት ልጅ አልተመዘገበም ነበር። ያን ሌሊት የታመመችው ልጅ እናት በኋላ እንደነገረችን፣ ለረጅም ጊዜ ስላላመማት ድና የቀረች መስሏት ነበር። አልፈርድባትም። አስም ለወራት ድምፁን አጥፍቶ መቀመጥ ያውቅበታል።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ለዙር ወጣሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ የራሴን እርምጃ እንኳ አልሰማም። በር ላይ ቆሞ ማዳመጥ ስላልተቻለ ባልደረባዬን ቀስቅሼ አብረን ገባን፤ አልጋ ለአልጋ እያጎነበስኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የመጀመሪያዋ ደህና ናት። ሁለተኛዋም ደህና። መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ስደርስ ትራሱ ላይ ራስ የለም። ባትሪዬን ከፍ ሳደርግ ልጅቷ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ተክላለች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል፤ አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«እት...» አለችኝ። አየር ሳበች። «...ዬ።»

እትዬ የሚለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አልቻለችም።

ጉልበቴ ከዳኝ። ያየሁት ወንድሜን ነው። ባልደረባዬ ሮጣ ሲስተርን ጠራች፤ ሲስተር በባዶ እግራቸው ዝናቡን አቋርጠው መጡ። ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ አስደግፈው ሰሙ። «ያፏጫል። ሲያፏጭ አየር እየገባ ነው፤ የሚያስፈራው ፉጨቱ የጠፋ ዕለት ነው። አታስተኟት፤ እንዲህ ቁጭ እንዳለች ትሁን» አሉ። በሕክምና ሣጥናቸው ውስጥ ሳልቡታሞል የሚባለውን የአስም መድኃኒት ወደ አፍ የሚረጭ ትንሽ ቆርቆሮ፣ ኢንሄለር፣ ነበራቸው፤ ስፔሰር የሚባለው መተንፈሻ ቱቦ ግን አልነበረም። እንደዚህ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ መድኃኒቱን በቀጥታ ብትወስደው አብዛኛው አፏና ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። «ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ አምጪልኝ፤ ቢላዋና ፕላስተርም» አሉኝ። አመጣሁ። ከታች በኩል የኢንሄለሩን አፍ የሚያክል ቀዳዳ ቆረጡ፤ አስገብተው ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የጠርሙሱን አፍ ከንፈሯ ላይ ገጥመው ኢንሄለሩን አንዴ ይጫኑታል፤ «በቀስታ ሳቢ የኔ ልጅ፣ መልሺ፣ ሳቢ፣ መልሺ» ይሏታል፤ አራት አምስት ጊዜ ከተነፈሰች በኋላ ያናውጡትና እንደገና። «እስከ 10 ድረስ እሰጣታለሁ» አሉኝ ቀና ብለው። ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ጉም ሲሞላና ሲጎድል አያለሁ። ሲጎድል ሳበች ማለት ነው። ዓይኔ ከዚያ ጉም ላይ አልተነቀለም።

መኪና ነበረን። ሾፌራችን መንገዱን ሊያይ ወጥቶ እስከ ወገቡ ረጥቦ ተመለሰ፤ ወንዙ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ነበር። ጤና ተቋም ደወልን፤ እነርሱም ከዚያ ማዶ ነበሩ።

10 ጊዜ ተሰጣት። ለውጥ የለም። ሲስተር ሰዓታቸውን አይተው «20 ደቂቃ እንጠብቅና እንደግማለን» አሉ። እነዚያን ደቂቃዎች እንዴት ልግለጻቸው? የልጅቷ ጀርባ ደረቴ ላይ ተደግፏል፤ የጎድን አጥንቶቿ እጄ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ለዓመታት የዘጋሁት አፌ ተከፈተ። የተማርኩት ጸሎት አልነበረም፤ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ውስጥ የጮኹት ነበር፤ «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ከዚያም፣ «ደግመህ አታድርገው! ሰምተኸኛል? በእኔ እጅ ላይ ደግመህ አታድርገው!» አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት። ሲስተር ሰምተውኝ አልገሠጹኝም፤ «በይ፣ ንገሪው» ብቻ አሉኝ።

ባልደረባዬ የቀሩትን ልጆች ወደ ቀጣዩ ክፍል ወስዳቸው ነበር። መጀመሪያ ልቅሶ ተሰማኝ። ቀጥሎ አንዲት ቀጭን ድምፅ በቃሏ ያጠናችውን ጀመረች፤ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ሌሎቹ ተከተሏት። ጨርሰው እንደገና ጀመሩት። የሸሸሁት ቃል በግድግዳው በኩል መጣብኝ፤ ልጅቷን ታቅፌ ነበርና መሄጃ አልነበረኝም። «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፤ የሚጠብቅህም አይተኛም።» ከመካከላቸው «አያንቀላፋምም» የሚለው ላይ የምትደናቀፍ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሌሎቹ ይጠብቋታል።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። መጀመሪያ የተለወጠው ትከሻዋ ነው፤ ከጆሮዋ ራቀ። ቆይቶ የአንገቷ ሥር ጉድጓድ መሰርጎዱ ቀነሰ። ሲስተር ጀርባዋን አዳምጠው ምንም ሳይናገሩ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ልጅቷ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ውኃ ጠማኝ፤ እግሬንም በረደኝ» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ! ሃሌ ሉያ! እንዲህ ያለ ጣፋጭ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ውኃው ጎደለና ሾፌራችን አሻገረን። ኦክስጅንና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧት፤ ቀኑን እዚያው አቆዩዋት። ሐኪሙ ስለ ጠርሙሱ ሲስተርን ካመሰገናቸው በኋላ፣ «ልጅቷ ለመጣራት ትንፋሽ አልነበራትም፤ ዝናብም ነበር። እንዴት ደረሳችሁባት?» አለ። ሲስተር ወደ እኔ ጠቁመው፣ «እርሷ ሌሊት አትተኛም» አሉት።

እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቀሰቅኩ። ለስንት ዓመት «መልስልኝ» እያልኩ የተጣላሁበት ነገር! እንቅልፌ ተመልሶልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ያቺን ልጅ ማን ያገኛት ነበር? ዝም አለኝ ያልኩት አምላክ የማይተኛ ጠባቂነቱን በእኔ ዓይን ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ስለ ወንድሜ ያልተመለሰ ጥያቄ አለኝ። «አሁን ገባኝ» ብዬ ብጽፍ ዋሽቼ ነው፤ ወንድሜ የሄደው ሌላ ልጅ እንድትድን ነው የሚለኝን ሰውም አልቀበልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 455 ሺህ ሰዎች በአስም መሞታቸውን ጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ኋላ እንደ እኔ የነቃ ሰው እንዳለ አስባለሁ። ግን አሁን ጥያቄዬን ይዤ ወደ እርሱ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ይዤው የሄድኩት ከእርሱ ለመራቅ ነበር።

ስለ ረጂዎቼም ሳላመሰግን አላልፍም። ሲስተር የጠርሙሱን ዘዴ የተማሩት ከሙያ ሥልጠና ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በሚገባ የታሸገ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እንደማያንስ አሳይተዋል። ኢንሄለሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጅ የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የነበረውን አባቷን «መድኃኒቴ እንደ ፀጉር ስፕሬይ ለምን በቆርቆሮ አይሆንም?» ብላ ስለጠየቀችው እንደሆነ ሳነብ እንደገና አለቀስኩ። የልጅ ጥያቄ የስንቱን እስትንፋስ አስቀጠለ! ለእርሷም ጌታን አመሰገንኩ።

አሁን በቅጻችን ላይ «ልጅዎ ከዚህ በፊት አስም ነበረበት? ሌሊት ያስለዋል? ሲሮጥ ደረቱ ያፏጫል?» ብለን ለየብቻ እንጠይቃለን። ሌላው መድኃኒት በቁልፍ ይቀመጣል፤ ኢንሄለር ግን ልጁ ባለበት ከቡድን መሪው ቦርሳ አይለይም። እሳቱም በደረቅ እንጨት ብቻ ነው፤ ልጆቹም ነፋሱን ወደ ኋላ አድርገው ይቀመጣሉ።

ከእናትየዋ ለወራት ወሬ አልነበረም። በቅርቡ ደወለች፤ ልጅቷ በሐኪም ክትትል ላይ ናት፤ ኢንሄለሯንና ስፔሰሯን ይዛ ዘንድሮም ልትመጣ ተመዝግባለች። የሌሊቱን ተራ እኔ ይዣለሁ። ሲስተር ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፤ ካምፑ ሳይጀመር እንዲሻላቸው እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።