ሕዳር 18 የታጠነ ቤት

ሕዳር የሚታጠነው በ12 ነው። የእኛ ቤት ግን በ18 ታጠነ፤ ያውም በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ጠዋት፣ ሜሪላንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ለበዓሉ ከሚጠበሰው ትልቅ ወፍ፣ ከተርኪው ነው። 16 ፓውንድ፣ ሰባት ኪሎ አልፎ፣ በረዶ ሆኖ የደረቀ። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥ ለየ4 ፓውንዱ አንድ ቀን ስለሚፈልግ፣ ለሐሙስ እንዲደርስ እሑድ ከፍሪዘር መውጣት ነበረበት። እኔ ማክሰኞ ማታ አወጣሁት። ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት እጄን ሆዱ ውስጥ ስከት፣ አንገትና ጉበት የታሸገበት ከረጢት ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ጣቴን አደነዘዘው።

የቀረው መፍትሔ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይጠቀለልና ሙሉ በሙሉ ይነከራል፤ ውሃው በየግማሽ ሰዓቱ ይለወጣል። ገና ያልቀለጠ ከሆነ ለአንድ ፓውንድ ግማሽ ሰዓት፣ ማለትም ለ16ቱ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ የእኔ ግማሹ ስለለሰለሰ ተስፋ ነበረው። ሙቅ ውሃ እንዳይሞከር! መሐሉ በረዶ እንደሆነ ቆዳው ይሞቅና ባክቴሪያ ይራባበታል። ስልኬን በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጮህ ሞላሁት።

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የገና ጾም ሰኞ ስለገባ ተርኪው አይመለከታትም። ውሃው ግን ይመለከታታል። ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት ሰፈር ስለመጣች፣ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍትና ሽው ሲል ሁሌም «ተመስገን!» ትላለች፤ ሙቅ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ትደግመዋለች። የመጀመሪያውን ውሃ ልደፋ ስል ባልዲ ይዛ ደረሰች።

«ኧረ አትድፋው፣ ወለል ይጠረግበታል!»

የጥሬ ሥጋ ውሃ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል ወለል እንደማይጠረግበት፣ ማጠቢያው ራሱ በሳሙና መታጠብ እንዳለበት አስረዳኋት። «አይ ሀገር» ብላ ባልዲዋን ይዛ ተመለሰች።

እንግዲህ ማጠቢያው በተርኪ ስለተያዘ፣ ቡናው ሳይታጠብ ምጣድ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። በቡናው ላይ ያለው ስስ ገለባ ሲታጠብና ሲታሽ ከፊሉ ይለቃል፤ ካልታጠበ ግን ፍሬው ሳይቆላ እሱ ቀድሞ ያራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ቢቀንሱትም ወዲያው አይበርድም፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ምጣዱን ከላዩ ማንሳት ያስፈልጋል። እማዬ መቼ ታነሳለች! ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ትቆላለች። እኔም ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አብርቼ ተማምኜ ነበር። የብዙ አፓርታማ ማራገቢያ ግን ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ እዚያው ፊትህ ላይ ይተፋዋል።

ቢሆንም ጭሱ ኩሽና ቢቀር ኖሮ እናመልጥ ነበር። ግን የተቆላ ቡና ዞሮ ይሸተታል፣ ወግ ነው። እማዬ ምጣዱን እየነቀነቀች ወደ ኮሪደሩ መጣች፣ ልክ ከጭስ መጠቆሚያው ሥር ቆመች፣ «በል አሽትት» አለችኝ።

እኔ ሳላሸት መጠቆሚያው አሸተተ።

የእኛው አዮናይዜሽን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለምግብ ጭስ በጣም ቁጡ ነው። ለኩሽና አካባቢ ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ፣ ሦስት ሜትር ግድም፣ ይራቅ። ባትሪውን ነቅሎ መተው አይገባም፤ ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ጣሪያ ላይ ነው እንጂ። እኔ ወንበር ስፈልግ እማዬ በሰፌድ ታራግባለች።

በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው አሜሪካዊ ጎረቤታችን፣ በሌሊት ልብሳቸው፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ካልሲ።

«ደህና ናችሁ?»

እማዬ ሰፌዱን ሳታወርድ «ፋይን! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለቻቸው፤ ጎትታም አስገባቻቸው። ጩኸቱ ሲቆም «ተመስገን፣ ጆሯችን ተርፏል» አለች፤ ቡናውን ወደ መፍጫው ገለበጠችው። ጀበናው ፈልቶ፣ ሰክኖ፣ አቦሉ ተቀዳ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ሲኒዋን ይዘው ገና ፉት ከማለታቸው ሌላ ጩኸት።

ሦስታችንም ወደ ጣሪያው አንጋጠጥን። ስልኬ ነው፤ የተርኪው ውሃ መለወጫ ሰዓት ደርሷል።

እማዬ ባልዲዋን ልታመጣ ተነሳች።