ጉልበታችሁን የቱ ጋ ነው የሚያማችሁ?

ብስክሌት ስትነዱ ጉልበታችሁን ካመማችሁ፣ ቅባት ከመፈለጋችሁ በፊት ጣታችሁን የሚያመው ቦታ ላይ አሳርፉ። ቦታው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ይጠቁማል።

ከፊት፣ የጉልበት ሎሚው ዙሪያ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ ሲገፋ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር በኃይል ይጫናል። ከኋላ ቋንጃው ላይ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጎኑን ከሆነ ጫማው ሥር ያለውን፣ ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያያይዘውን ክሊት እዩ፤ እግራችሁ በተፈጥሮው ከሚዞርበት አቅጣጫ ውጭ አስሮት ይሆናል። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ የሺማኖ ቀይ ክሊት ተረከዝን አያላውስም፤ ቢጫው 6 ዲግሪ ይለቃል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቀዩን አልመክርም።

የኮርቻ ልክ እንዲህ ይወጣል፦ በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ መጽሐፍ በጭኖቻችሁ መሃል ወደ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለል ለኩና በ0.883 አባዙ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማእከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ካየ ከፍ ብሏልና አውርዱት። የድሮውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ በአንዴ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አትንኩ፣ ኮርቻና ክሊትንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። የትኛው እንደረዳ አይታወቅማ!

ኮርቻው ልክ ሆኖም እንጦጦን በከባድ ማርሽ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ አያርፍም። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ይዞ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ34 እና 32 ጥርስ ያው ፍጥነት 88 ዙር ይጠይቃል፤ በእያንዳንዱ ርግጫ የሚያርፈው ጫና ግን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ትንፋሽ ይበዛል፣ ጉልበት ይተርፋል። ለሜዳም ከ80 እስከ 90 ዙር ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ ጀምሩ።

ሕመሙ ከጀመረ ዳገቱን ተዉት። ሜዳ ላይ በቀላል ማርሽ መንዳት የማያም ከሆነ ግን ጨርሶ ከመተኛት ይሻላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ሕመሙን ያስታግሳል። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ከከዳችሁ ወይም ትኩሳት ከመጣ መለኪያውን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።