አንዲት መስመር ብቻ

ጊዜው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ከተመደብኩ ገና አራተኛ ወር ላይ ነበርኩ። የሰሊጥ አጨዳው ጦፏል። ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጉ፣ እዚያው ማሳው ዳር ሜዳ ላይ ያድራል። አጎበር ቢሰጠው እንኳ የሚሰቅልበት የለውም። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የሚሰለፈው ሁሉ ያው ነው፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት።

መብራት ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። ለጄኔሬተር ያለችው ትንሽ ናፍጣ ለማዋለጃ ክፍል ናት። ስለዚህ ማይክሮስኮፑን በልብሱ ሸፍኜ ወባን በፈጣን መመርመሪያው ኪት፣ በአርዲቲ፣ ብቻ እመረምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው። ቢኤፍ፣ ማለትም ደምን ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ አድካሚ ነው። ማድረቅ አለ፣ ቀለም ማልበስ አለ፣ ማጠብ አለ። ከዚያ አንገት ደፍቶ መፈለግ ነው። ኔጌቲቭ ለማለት ቢያንስ 100 ዕይታ ማዳረስ ግድ ነው። ስልሳ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ይህን ማን ይወዳል?

አርዲቲ ግን ቀላል ናት። የጣት ርዝመት ያላት ነጭ ፕላስቲክ። የኮሮና ፈጣን ምርመራ ያየ ሰው ያውቃታል። ጣት ትወጋለህ፣ አንድ ጠብታ ደም፣ ቀጥሎ ባፈር የሚባለው ፈሳሽ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ። አንዷ መስመር ኪቱ መሥራቱን ብቻ ትናገራለች። ከእሷ ጋር ሌላ መስመር ከወጣ ወባ አለ። ፋልሲፓረም፣ ቶሎ ካልታከመ በቀናት ውስጥ የሚገድለው ወባ፣ ደም ውስጥ ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ይረጫል። የእሱ መስመር የምትቀላው ያንን ፕሮቲን ስታገኝ ነው። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ የራሱ መስመር አለው።

ሰኞ ዕለት አንድ ልጅ መጣ። ቢበዛ 19 ዓመት ቢሆነው ነው። ጋቢውን በዚያ ሐሩር እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ጣቱን ወጋሁት፣ ጠበቅኩ፣ አንዲት መስመር ብቻ ወጣች። ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ።

«ዶክተር፣ ወባ ነው አይደል?» አለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ እዚያ አገር ዶክተር ነው።

«የለብህም።»

«አብረውኝ ያደሩት ሁለቱ ወባ ተብለው ኪኒን ተሰጣቸው እኮ።»

«እኔ አይደለሁም የምናገረው፣ ኪቱ ነው» አልኩት።

ይቺን ንግግሬን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጁ አንገቱን ነቀነቀና ሄደ። ኦፒዲ፣ ማለትም ተመላላሽ ታካሚ የሚታይበት ክፍል፣ ያለው ጤና መኮንን ደግሞ ወባ ካልሆነ ያው ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ይታይለት ብሎ መለሰው። አገራችን ውስጥ ትኩሳት ይዞት ወባ የሌለበት ሰው ሁሉ ዕጣው ይሄ ነው። ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ቀድሞ ታሞ በዳነ ሰው ላይም፣ በሌላ ትኩሳት ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በልጁም ላይ «ታይፎይድ» አለ። ፀረ ባክቴሪያና ፓራሲታሞል ይዞ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ረቡዕ እንደገና መጣ። አሁን ጓደኛው ደግፎታል። እንደገና አርዲቲ፣ እንደገና አንዲት መስመር። «መድኃኒቱን ጨርስ፣ ይሻልሃል» ተባለ። እኔ እንኳን ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም።

ሐሙስ ማለዳ በትራክተር ተጎታች ላይ ተኝቶ መጣ።

ስሙን ሲጠይቁት የእናቱን ስም ይጠራል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጓደኛው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ነገረን። ጤና መኮንኑ ሮጦ ወደ እኔ መጣና «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ አልኩ። ድምፄ ግን ያው የሰኞው አልነበረም።

ደግነቱ ያን ዕለት ሲኒየራችን ከወረዳ ስብሰባ ተመልሰው ነበር። ጡረታቸው አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ከተማው ሁሉ ጋሽ ወባ ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን ጋሼ ነው። ሙያውን የተማሩት ወባ ማጥፊያ በሚባለው ድርጅት ዘመን ነው፣ በእግርና በበቅሎ ስላይድ ይዘው ቆላ ለቆላ እየዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደጋውንና ወይናደጋውን የመታው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የእሳቸው ሁለት ታላላቆች በዚያ ጊዜ ነው የሞቱት። ወባ ለእሳቸው መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም።

ልጁን አንድ ጊዜ አዩት። ወደ እኔ ዞረው «ቢኤፍ የታለ?» አሉ።

«ጋሼ፣ መብራት የለም።»

«መብራት ሳይኖር ነው ወባ የተገኘው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ እውነታቸውን ነው። ላቨራን የተባለው ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ኮንስታንቲን ውስጥ የወባን ተውሳክ ሲያይ የኤሌክትሪክ አምፖል ያለው ማይክሮስኮፕ አልነበረውም።

መጋዘን ገብተው ከቁም ሳጥን ሥር አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አወጡ። ሥሩ ላይ አምፖል የለውም፤ ክብ መስታወት አለው። መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። እኔ መስታወቱን ወደ ፀሐይ ሳዞር እጄን መታ አደረጉኝ። «ዓይንህን ልታጠፋ ነው? ፀሐዩን ተው፣ ሰማዩን ያዝ።»

በአንድ ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ቅብ ሠራን። ወፍራሙ ተውሳክ መኖሩን ለማወቅ ነው፣ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት። ስሱን በሜታኖል አረጋን፤ ወፍራሙን ሜታኖል እንዳይነካው ስላይዱን አዘንብለው ያዙት። ደርቆ ጊምዛ የተባለውን ቀለም ለበሰ። በ10 በመቶ ጊምዛ 10 ደቂቃ ነው። ያቺ 10 ደቂቃ እንዴት እንደረዘመችብኝ። ከአጠገባችን ልጁ «እሜቴ፣ እሜቴ» እያለ ይቃዣል።

ዘይት ጠብ አደረጉ፣ አጎነበሱ። ወዲያው ቀና አሉ። 100 ዕይታ ቀርቶ አንድም አልጨረሱም።

«እየው።»

አየሁ። ወፍራሙ ላይ መቁጠር አይቻልም። ወደ ስሱ ዞርን። ቀያዮቹ ሕዋሳት ውስጥ ቀለበት፣ ቀለበት፣ ቀለበት፤ አንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ቀለበት አዝሏል። ቀጫጭን ሰማያዊ ክብ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ። ፋልሲፓረም ነው። ከ100 ቀይ ሕዋስ አራቱ ተይዘዋል፣ ይህም በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 200 ሺህ ተውሳክ ማለት ነው። አርዲቲ 200 ካገኘች ትይዛለች ይባልላታል። ሺህ እጥፉ ፊቷ ቀርቦላት ዝም ብላለች።

የአርቴሱኔት መርፌ ወዲያው ተጀመረ። ስኳሩ ወርዶ ስለነበር ግሉኮስም ተሰጠው። ሁለተኛውን ዶዝ በ12 ሰዓቱ፣ ሦስተኛውን በ24 ሰዓቱ የወሰደው ሆስፒታል ደርሶ ነው፤ አምቡላንሱ ከሰዓት በኋላ ነበር የተገኘው።

አምቡላንሱ እንደሄደ ጋሼ አልተቆጡኝም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው «በል ኪቷን አምጣ» አሉኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ሙቀት ነው። መጋዘናችን ቆርቆሮ ነው፤ ኪቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ከዚያው ካርቶን አንድ አወጣንና ያን ቀን በስላይድ ፋልሲፓረም በተገኘባት ሌላ ሴት ደም ሞከርነው። መስመሯ ደምቃ ወጣች። ኪቱ ደህና ነው። የልጁን የተረፈ ደም ከሌላ ካርቶን፣ ሌላ ባች ቁጥር ባለው ኪት ሞከርነው። አንዲት መስመር ብቻ። አንዳንዴ ተውሳኩ ከመጠን በላይ ሲበዛ ኪቱ ይሳሳታል፤ ደሙን በሳላይን አቅጥነን ደገምነው። አሁንም አንዲት መስመር።

ጋሼ ኪቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ይሄ ወባ ማንነቱን ደብቋል» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው ትእዛዝ አንድ ነገር ተለወጠ። ትኩሳት ኖሮት፣ ማሳ አድሮ፣ አርዲቲው ኔጌቲቭ ያለው ሰው ሳይታይ አይሄድም። ቢኤፍ ይሠራለታል። መብራት ከሌለ በመስታወቱ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ይሰድበናል፣ ጤና መኮንኑም ያጉረመርማል። ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ ሌሎች ሁለት ሰዎች በዚህ መንገድ አገኘን። ሁለቱም ላይ አርዲቲዋ ዝም ብላ ነበር።

እዚህ ላይ አርዲቲን እያማሁ እንዳይመስልብኝ። ማይክሮስኮፕም መብራትም የሌለበት ቀበሌ ውስጥ አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን በ20 ደቂቃ ወባን ለይታ ኮአርተም የተባለውን የወባ ኪኒን የምትሰጠው በዚህች ፕላስቲክ ነው። ድሮ ትኩሳት ያለው ሁሉ በግምት ነበር የወባ መድኃኒት የሚውጠው። ሕመምን በመጀመሪያው ቀን ለመያዝ ከእሷ የቀረበ ነገር አልነበረንም። የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ፊቴ የቆመው ሰው እየነገረኝ ፕላስቲኳን አምኜ እሱን አላመንኩም።

ምሥጢሩን ያወቅኩት አራት ዓመት ቆይቼ ነው። ያኔ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬአለሁ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በሚባል የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ነው። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች ተመርምረዋል። ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ ያህሉን አርዲቲ ሊስታቸው የሚችለው፣ ተውሳኩ ኤችአርፒ2ን የሚሠራውን ጂን ከነጭራሹ ስለጣለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ቀይሩ የሚለው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ነው። እኔ «ኪቱ ነው የሚናገረው» ባልኩበት ወቅት ማለት ነው።

ነገሩ ሲገባህ ያስደነግጣል። ጂኑን የጣለ ተውሳክ ከምርመራ ያመልጣል። ያመለጠው አይታከምም። ያልታከመው ለትንኝ ይተርፋል፣ ትንኟም ለሌላ ሰው ታደርሰዋለች። በምርመራው የሚያዘው ወንድሙ በኪኒን ሲያልቅ እሱ ይራባል። ማለትም ምርመራችን ራሱ ነው ሲመርጠው የኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ፔሩ ውስጥ ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሪፖርት ተደረገ። ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ቀይራለች፤ ሌላ ፕሮቲን፣ ፒኤልዲኤች የተባለውን፣ ወደሚፈልግ።

የዚያ ልጅ ወባ ጂን አልተመረመረም። ሆኖም ጽሑፉን ጨርሼ ስልኬን ነው ያነሳሁት። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ጮኼ ነገርኳቸው። ጂን፣ ፕሮቲን፣ 9.7 በመቶ፣ ሁሉንም። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ልጁስ?» አሉኝ።

«ድኗል እኮ ጋሼ። በዓመቱ ለሰሊጥ ሲመለስ ሊጠይቀን መጥቶ አልነበር? እርስዎ ፈቃድ ላይ ነበሩ። አንድ ጣሳ ሰሊጥ አስቀምጦልዎት ነበር።»

«አልደረሰኝም።»

ሳቅኩ። ሰሊጡን ማን እንደበላው እኔና ጤና መኮንኑ እናውቃለን።

«ስላይዱስ አለህ?»

«አለኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ቀለሙ ለቋል?»

«ትንሽ።»

«ብርሃን እንዳያገኘው በወረቀት ጠቅልለው» አሉና ስልኩን ዘጉት።