የአንኮበር አፋፍና የማያርፈው ወፍ

ደብረ ብርሃን ያደርኩባት ሌሊት ክፉ ነበረች። ብርድ ልብስ የምታመርት ከተማ ውስጥ አልጋዬ ላይ የነበረው አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤ የኅዳር ውርጭ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። ወደዚያ የምትሄዱ ጋቢ ያዙ። ጠዋት ደግሞ የሚኒባሱ ረዳት ለትራይፖዴ ብቻ 100 ብር አስከፈለኝ። የዕቃውን ሒሳብ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። አንኮበር ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አፋፉ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ጥንብ አንሳ ለማየት ከዚህ ቀድሞ መድረስ ብዙም አይጠቅምም። ከባድ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ ልሂድ ቢል ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ድንጋዩ እስኪሞቅና አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ገደሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ ፀሐይ ቶሎ ታገኘዋለች። ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስም ግድግዳውን ሲመታ መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው።

ከጠርዙ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ሣሩ በጤዛ ያንሸራትታል። 8 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል፤ እናንተ ግን ቁልቁል እዩ። አሞሮቹ መጀመሪያ የሚመጡት ከእግራችሁ ሥር ነው።

ጢም ያለው ትልቁ ጥንብ አንሳም የመጣው እንዲሁ ነው፣ ከሥሬ፣ ሃያ ሜትር በማይሞላ ርቀት። ደረቱ የዝገት ቀለም አለው፤ ብረት ያለበት ጭቃ ውስጥ እየተነከረ ራሱ የሚቀባው ነው። ዓይኑን ቀይ ክብ ይዞረዋል፣ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር የጢም ጸጉር ተንጠልጥሏል። ጅራቱ እንደ ሽብልቅ የሾለ ስለሆነ ጅራተ አጭር ከሆኑት ሌሎች ጥንብ አንሳዎች ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ክንፉን አንዴም አልመታም። የላባዎቹ ጫፍ ብቻ እንደ ጣት አንዳንዴ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲያልፍ አየሩ ሲፏጭ ሰማሁ።

በግ የሚጠብቁ አንድ አባት አጠገቤ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። «ልጄ፣ ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታየዋለህ? አጥንቱን የሚጥለው እሱ ላይ ነው።» ድንጋዩ ዙሪያ ስባሪው ነጭ ሆኖ ይታያል። አንዴ ካልተሰበረለት አንስቶ ደግሞ ይጥለዋል፤ የተሰበረውን እንዳለ ይውጠዋል፣ ጨጓራው በአሲድ ያሟሟዋል።

እኔም በተራዬ ስለ ፍሪጌት ወፍ ነገርኳቸው። ሞቃት ውቅያኖስ ላይ ይኖራል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ ክብደቱ ግን ከአንድ ዶሮ ብዙ አይበልጥም። የሚገርመው፣ የባሕር ወፍ ሆኖ ባሕር ላይ አያርፍም። ላባው ውኃ ስለሚያስገባና እግሩ አጭር ስለሆነ ካረፈ መነሳት ይቸግረዋል። ከውኃው ዘሎ የሚበረውን ዓሣ ከላይ ይቀልባል፣ ወይም ሌላውን ወፍ አሳዶ ያስተፋዋል።

«ታዲያ ሲመሽ የት ያድራል?» አሉኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ሽቅብ የሚነሳው አየር ይሞታል፤ አሞራው ወደ ገደሉ ካልተመለሰ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሐሩር ባሕር ግን ሙቀቱን ሌሊትም ይዞ ስለሚያድር ከላዩ ያለው አየር መነሳቱን አይተውም። ወፉም ደመና ሥር እየዞረ ይወጣል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ደመና ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ሁለት ወር ያህል ሳያርፉ የበረሩ፣ አንዳንዴም ደመና ውስጥ ገብተው እስከ 4,000 ሜትር የወጡ ፍሪጌቶችን መዝግቧል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጋላፓጎስ የወፎቹን አንጎል እየለካ፣ በበረራ ላይ በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ብቻ እንደሚተኙ አሳየ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ አንጎላቸው ተኝቶ ግማሹ ነቅቶ።

አባት ዝም ብለው ቆዩና «መሬት ያጣ ፍጥረት ነው» አሉ፤ እያዘኑለት።

ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ወጥቶ ገደሉን ሸፈነው፤ እስከ 10 ሰዓት ምንም አልታየም። ሲገለጥ በወፎች ኩስ ነጥቶ ኖራ የተቀባ የመሰለውን የገደል እርከን በመነጽር ያዝኩት። ጥንብ አንሳዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ያርፉ ጀመር። ሰባት ቆጠርኩ። አባት በጎቻቸውን ሲሰበስቡ ስምንተኛው ገና እየዞረ ነበር።